የመግቢያው ቀለበት

ጋሽ ላጲሶ መጀመሪያ የመጡ ቀን የግቢ በር ሊያሠሩ የመጡ መስሎን ነበር። የእኛ ቤት ሥራ በር ነው። ከሳሊተ ምሕረት ወደ ውስጥ በሚገባው ኮብልስቶን ዳር ካሉት ብረት ሥራ ቤቶች መካከል የአጎቴ ልጅ የኑሪ ቤት በበር ይታወቃል። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እበይዳለሁ፣ አሳምራለሁ። ማሳመር የምንለው ብየዳው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው። ያበጠውን በግራይንደር ፍቆ ከብረቱ ጋር እኩል ማድረግ፣ የቀረውን ክፍተት እንደ ሊጥ ተለጥፎ በሚደርቀው ስቱኮ መድፈን፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት መቀባት፣ ከዚያ ቀለም። ደንበኛው በሩን በእጁ ዳብሶ የት ላይ እንደተበየደ ካጣው ሥራው ጥሩ ነው ማለት ነው። ካገኘው ኑሪ ቀኑን ሙሉ አያናግረኝም።

ጋሽ ላጲሶ ግን ከጃኬታቸው ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኑሪ።

«ሰርጓጅ መርከብ።»

ኑሪ ወረቀቱን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ባሕር የለንም።»

«ሐይቅ አለን። በወጣትነቴ የአውሮፕላን ጥገና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። ከትምህርት ስንወጣ ሐይቁ ዳር እቆምና ታቹ ምን ይመስል ይሆን እላለሁ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስል ኖርኩ።»

«ታዲያ ካሜራ በገመድ አስረው አያወርዱም?»

«ካሜራው ያያል። እኔስ?»

ከዚያ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ያህል ረጋ ብለው ስለ ዓይናቸው ነገሩን። ግላኮማ ነው። ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይመጣል። አሁን ሰው ሲያዩ በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ሐኪሙም ቱቦው ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ከአንድ ዓመት ብዙም እንደማይዘልቅ ነግሯቸዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያላቸው ሥራ ይሄ ንድፍ ብቻ ነው።

ኑሪ ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ሥራውን ተቀበለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ላጲሶ ከፈረሰ ፋብሪካ የገዙትን አሮጌ ቦይለር፣ የእንፋሎት ጋን፣ ክሬን ያለው መኪና አምጥቶ በራችን ላይ ጣለው። ረጅም፣ ክብ፣ አሥራ ሁለት ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየመጣ ያንኳኳዋል።

«ኑሪ፣ ጎርፍ ይመጣል ተባለ እንዴ?»

«አዎ፣ ቦታ ሳያልቅ ተመዝገብ።»

«እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ አልፈልግም።»

ወደ መርከብ ስትቀየር ሦስት ቀዳዳ ያስፈልጋታል፤ ከፊት ሁለት የመስኮት፣ ከላይ አንድ የሰው መግቢያ። መስኮቶቹ ጠባብ ስለሆኑ አላስቸገሩንም። ጋሽ ላጲሶን ያስጨነቃቸው መግቢያው ነበር። ስድሳ ሳንቲም ሰፊ ነው። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከእኔ ጋር ሳጥን ላይ ተቀምጠው ያስረዱኛል። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው መሃል መናገርም አልችልም። እሳቸው ግን ይጠይቁኛል፣ መልሴንም ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ባዶ ሃይላንድ አነሡ፤ የውኃ ፕላስቲኩን። ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው በመዳፋቸው ጫኑት፤ አልተጎዳም። ከዚያ ጎኑን በምላጭ በክብ ቆርጠው እንደገና ጫኑት። ከቀዳዳው ጀምሮ ወደ ውስጥ ተጨረማመተ።

«አየህ? ፕላስቲኩ ያው ነው። ያደከመው ቀዳዳው ነው። መገናኛ ላይ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ታክሲው በየት ይሄዳል?»

«በዳር በዳር።»

«እንግዲህ ዳሩ ይጨናነቃል። የውኃም ግፊት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቆርጠህ ያወጣኸውን ብረት ያህል ከቀዳዳው ዳር ላይ መልሰህ ታስቀምጣለህ። ስድሳ ሳንቲም ከወጣ በግራ ስንት፣ በቀኝ ስንት?»

«ሠላሳ፣ ሠላሳ።»

«ሠላሳ በጣም ሰፊ ሆነብኝ። መስኮቶቹን ይነካል። ምን ላድርግ?»

ትንሽ አሰብኩ። «አሥራ አምስት ይሁንና ውፍረቱ እጥፍ ይሁን።»

ጋሽ ላጲሶ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ይኸው! ኢንጂነር ሚስባህ!»

እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። በዚያው ቀን አሥራ አምስት ሳንቲም ሰፊ፣ ሃያ አራት ሚሊ ወፍራም የሆነ ቀለበት ሣሉ። ቀለበቱ ከመርከቧ ጀርባ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያውን «ብየዳ 10 ሚሊ» ብለው በአማርኛ ጻፉልኝ። ጽሑፋቸው ትልልቅ ነው፤ ትንሹን ፊደል ማየት ትተዋል።

ቀለበቱን ሳንበይድ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ገቡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ልጃቸው ቤቴል ቤት ተኙ። ሥራውን ያጠናቀቅነው በዚያ መሃል ነው።

አሥር ሚሊ ብለው ጽፈዋል፤ አሥር ሚሊ በየድኩ። ከውስጥም ከውጭም፣ ዙሪያውን፣ በሦስት ዙር። የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ አድርቄ ነው የተጠቀምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጠነቀቅኩበት ብየዳ የለም። ቀለበቱ ወፍራም ስለሆነ የመርከቧን ጀርባ ክብነት ተከትሎ በደንብ አልታጠፈም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። እሱንም በብየዳ ሞላሁት።

ከዚያ አሳመርኩት።

ማንም አላዘዘኝም። ኑሪ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «ይቺ ለቤታችን ማስታወቂያ ናት፤ ሰው በእጁ ነው የሚያያት» አለኝ እንጂ ባይለኝም አደርገው ነበር። ብየዳ ካለቀ ይፋቃል። ሁለት ቀን ፋቅኩ። ሰባት የግራይንደር ድስክ ጨረስኩ። ክፍተት በነበረበት ቦታ ብየዳው ከሥሩ ስስ ስለነበር ስፍቀው እንደገና ተከፈተ። በስቱኮ ደፈንኩት። አሸሁት፣ አንቲረስት ቀባሁት፣ ቢጫ ቀለም ነፋሁት። ስጨርስ ቀለበቱ ከጀርባዋ ላይ የበቀለ ይመስል ነበር።

ጋሽ ላጲሶ ጥቁር መነጽር አድርገው ከቤቴል ጋር መጡ። ቤቴል ባንክ ነው የምትሠራው፤ ፈጣን ናት፣ አባቷን በክንዳቸው ይዛ ታዛቸዋለች። መሰላሉን አስወጣናቸው። ቀለበቱን በሁለት እጃቸው ዞረው ዳበሱት።

«ሚስባህ፣ የት ጋ ነው የበየድከው?»

«አያገኙትም ጋሼ፣ አይልፉ» አለ ኑሪ ከታች።

ሳቁ። «አውሮፕላንም እንዲህ ነው። ቆርቆሮውን የሚያያይዘው የሪቬት ምስማር ራስ ከቆዳው ጋር እኩል ይሆናል እንጂ አይወጣም። ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነገር ጣቴ ላይ ከመጣ ያንን ሥራ አልቀበልም ነበር። ቤቴል፣ ነይ ንኪው።»

ቤቴል በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። «አባ፣ እኔ የምፈልገው ማማሩን አይደለም። ሐይቁ ውስጥ ሠላሳ ሜትር ሲወርድ ይሄ ነገር ወደ ውስጥ አይገባም?»

«አይገባም። ላሳይሽ።»

ሃይላንድ አስመጡና ያንኑ አደረጉ፤ ቆረጡ፣ ጫኑ፣ ተጨረማመተ። ሌላ አስመጥተው ቆረጡና በዚህኛው ላይ ከወፍራም ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት እንዲሁ አስቀመጡበት። ሲጫኑት ፕላስቲኩ ከቀለበቱ ሥር ሸሽቶ ገባ፤ ቀለበቱ መሬት ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ላይ ቀለበቱን በማጣበቂያ ዙሪያውን አጣበቁና ትንሽ ጠብቀው ጫኑት። ምንም አልሆነም።

«ዋናው ምስጢር እዚህ ጋ ነው» አሏት። «ቀለበት ብቻውን ጌጥ ነው። ሸክሙን ከመርከቧ ቆዳ ወደ ቀለበቱ የሚያሻግረው ማጣበቂያው ነው። ለእኛ ማጣበቂያው ብየዳው ነው። እሱ ከሳሳ ቀለበቱን ባትሠሪውም ያው ነው።»

እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜ ነበር። መሬት ላይ የወደቀውን ቀለበት አየሁት። ከዚያ በኋላ ያወሩትን አልሰማሁም። መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቤቴል ዞራ አየችኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ሲሄዱ ለኑሪ ነገርኩት።

«ስንት ፋቅክ?»

«እኩል እስኪሆን።»

«ከውስጥስ?»

«ከውስጥም።»

ኑሪ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። «ስማኝ ሚስባህ። ሰውየው ራሳቸው በእጃቸው ነክተው ወደውታል። የአርባ ዓመት ቴክኒሻን ናቸው። አንተ ከእሳቸው ልትበልጥ ነው?»

«እሳቸው የሪቬት ሰው ናቸው። ብየዳ እንደሚፋቅ አያውቁም።»

«ባዶዋን መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ትገባ የለ? ካልቻለች ያኔ ይታያል። ወላሂ ከተቻላት ግን አንድ ቃል እንዳትናገር። ያቺ ልጃቸው ትከሰናለች።»

ያን ሳምንት ከቦሌ አራብሳ ስመጣና ስመለስ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ምን እንደምላቸው በልቤ አዘጋጅ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አሳምሬ እጨርሰዋለሁ። ሲደውሉልኝ ግን የምለው «አቤት»፣ «እሺ»፣ «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። እሳቸውም በደስታ ስለ ሐይቁ ያወራሉ። አንድ ጊዜ ከስልኩ ላይ «ዛሬ ደግሞ የቡና ስኒ አፍ ያህል ነው የቀረኝ፤ ቶሎ ማለት አለብን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልናገር?

ለሙከራ ያገኙት ቦታ ከሲኤምሲ ጀርባ ያለ ጉድጓድ ነው። ለትልቅ ሕንፃ ተቆፍሮ ግንባታው ቆሟል፤ የሁለት ክረምት ውኃ ሞልቶታል። ጥልቀቱ ዘጠኝ ሜትር ነው። የግቢው ጥበቃ መኩሪያ የጋሽ ላጲሶ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ አስፈቀደላቸው። ክሬኑን ከጎን ካለው ግንባታ አመጡ። በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሁሉ ዓይን ነበር።

መጀመሪያ የሰው ክብደት ያህል አሸዋ በከረጢት ሞልተን ያለ ሰው አወረድናት። አንድ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ መሬት መሬት ነበር የማየው። ኑሪ መግቢያውን ከፍቶ ጭንቅላቱን አስገባና «ደረቅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው አጨበጨበ። ኑሪ በአጠገቤ ሲያልፍ «አላልኩህም?» አለኝ። ዘጠኝ ሜትር ሠላሳ ሜትር እንዳልሆነ እሱም ያውቃል።

ጋሽ ላጲሶ ቱታቸውን ለብሰው መጡ። «አሁን በሰው ነው» አሉ። «እኔና ሚስባህ።»

«እኔ?» አልኩ።

«እኔ በሠራሁበት ክፍል አንድ ወግ ነበር። አውሮፕላን ከከባድ ጥገና ወጥቶ ለሙከራ ሲነሣ የጠገነው ሰው አብሮ ይሳፈራል። አልሳፈርም ካለ ሥራውን አላመነበትም ማለት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ጊዜ ተሳፍሬያለሁ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ትንሽ ስተው ከእኔ ጎን ወዳለው ባዶ ቦታ። «ና፣ ኢንጂነር።»

ኑሪ በጆሮዬ «ዘጠኝ ሜትር ነው፣ አሸዋው ምን ሆነ? ቁጭ ብለህ ውጣ» አለኝ።

ገባሁ። እምቢ ብል ለምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነውና ገባሁ።

ውስጧ የቀለም ሽታ አለ። ሁለት ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ለክሬኑ ሰው የምንደውልበት ባለ ገመድ ስልክ። መግቢያውን ከውስጥ አጥብቀን ዘጋን። ሰንሰለቱ ተንቋቋ፤ ውኃው መስኮቱን ከታች ወደ ላይ ሸፈነው። ሻይ የመሰለ ቡናማ ነው፤ ምንም አይታይም። ጋሽ ላጲሶ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጠፉ።

«ጭቃ ነው» አሉ እየሳቁ። «ግድ የለም። ሐይቁ ንጹሕ ነው። እዚያ ብርሃኑ እስከ ታች ይወርዳል ይላሉ።»

አራት ሜትር፣ አምስት ሜትር እያልኩ ከጥልቀት ጠቋሚው ላይ አነብላቸዋለሁ። ስድስት ላይ ስንደርስ ከራሳችን በላይ «ጠቅ» አለ።

ቀና አልን።

«ቀለም ነው» አሉ። «ብረቱ ሲኮማተር ቀለሙ ይሰነጠቃል።»

«ስቱኮ ነው» አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ዞሩ። «ምን?»

«ከቀለበቱ ሥር ስቱኮ አለ፣ ጋሽ ላጲሶ። እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

«ብየዳውስ?»

«ፋቅኩት።»

«አሥር ሚሊ ብዬ ጽፌ አልነበረም?»

«አሥር ሚሊ በይጄ ነበር። ከዚያ ፋቅኩት።»

«ለምን?»

«እንዲያምር።»

እጃቸውን ወደ ላይ ሰደው የቀለበቱን ጠርዝ በጣታቸው ዞሩት። ቀስ ብለው ነው። አሁን የሚፈልጉት ያንን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለውን ነገር ነበር፤ እኔ ግን ከውስጥም አለስልሼዋለሁ።

«ስንት ቀረው?»

«አላውቅም።»

«ሦስት ሚሊ? አምስት?»

«አላውቅም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ምንም የለም።»

እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን በመዳፋቸው ፈልገው አገኙት። «አውጡን» አሉ። «ቀስ ብላችሁ።»

ስንወጣ ጭብጨባው ከበፊቱ በለጠ። ጋሽ ላጲሶ መግቢያው ላይ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡ፤ ሰው ወዳለበት ወደ አጥሩ ሳይሆን ወደ ክሬኑ።

በሦስተኛው ቀን ቤቴል ወደ እኛ ቤት አመጣቻቸው። ቀለሙን አንሣው አሉኝ። ሳነሣው ከአጠገቤ አልተለዩም። ቢጫው ሄደ፣ ቀዩ አንቲረስት ሄደ። ከሥሩ የብየዳው መስመር ወጣ፤ የሆነ ቦታ ላይ ጥፍር ያህል፣ የሆነ ቦታ ላይ ክር ያህል፣ ከዚያ ግራጫ ስቱኮ። ቤቴል ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥታ በጫፉ ፈለፈለችው። ፍርፋሪው መሬት ላይ ወረደ። አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ሆነ። አባቷን አየች፣ ከዚያ ኑሪን።

«በዚህ ነው ሠላሳ ሜትር ልትልኩት የነበረው?»

ኑሪ ላብ በላብ ሆኗል። «እህቴ፣ ይስተካከላል። ጋሼ፣ አሁኑኑ ስቱኮውን ጠርገን ከላዩ ላይ ዞረን እንደገና እንበይደዋለን። ሳንፍቀው! በአንድ ሳምንት ሐይቁ ዳር ነዎት።»

ጋሽ ላጲሶ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሆናል?»

ሁሉም አዩኝ። ኑሪ በዓይኑ ይለምነኛል። ስቱኮው ቀለበቱና ቆዳው መሃል ድረስ ገብቷል፤ ከላይ ሲበየድበት ይቃጠልና ውስጡ አረፋ አረፋ ይሆናል። ከላይ ሲታይ ግን ጥሩ ብየዳ ይመስላል። ማንም አያውቅም። ይሆናል ብል በሳምንቱ ይወርዱ ነበር፤ ያዩም ነበር።

«አይሆንም» አልኩ።

«ሌላ መንገድስ?»

«ቀለበቱ ከነዙሪያው ተቆርጦ መውጣት አለበት። አዲስ ቀለበት፣ በልኩ የታጠፈ። ግለቱ ስለሚያበላሻቸው መስኮቶቹም ገመዶቹም መጀመሪያ ይወጣሉ።»

«ስንት ጊዜ?»

ኑሪ ሊመልስ ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

«አራት ወር» አልኩ። «ምናልባት አምስት።»

ቤቴል እጃቸውን ያዘች። «አባ፣ በቃ፣ እንተወው።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቅ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም። ፊታቸውን ወደ እኔ አቅርበው ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ አዘዋወሩት። ሲፈልጉኝ እንደነበር የገባኝ ዓይናቸው ዓይኔን ሲያገኝ ነው።

«እዚህ ነህ» አሉ። «አሁን ፊትህ በአንዴ አይገባልኝም። በየተራ ነው የማይህ።»

ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ይቅርታ ትንሽ ቃል ሆነችብኝ።

«በአራት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደማይ ሐኪሙም አያውቅም» አሉ። «ቢሆንም ቁረጠው።»

«ለምን አባ? ማየት ካልቻልክ ምን ያደርግልሃል?» አለች ቤቴል።

«እንደዚህ ሆና እንድትቀመጥ አልፈልግም። አንድ ሰው ገዝቶ ሊገባባት ይችላል።»

ወንበር ጠየቁ። ኑሪ ሳጥኑን አመጣላቸው፤ ለመርከቧ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ኮብልስቶኑ መንገድ ዞረው ተቀመጡ። እኔ መሰላሉ ላይ ወጥቼ ግራይንደሩን ሰካሁ። ቀለበቱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ ዙሪያ አለው፤ ቆዳው አሥራ ሁለት ሚሊ ነው፤ ድስኩ ቶሎ ያልቃል። አንዱ አልቆ ሌላ ለመቀየር ሳጠፋው ጸጥታው ውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ጨረስክ?»

«ገና ነው፣ ጋሽ ላጲሶ።»

«እሺ» አሉ። እኔም ድስኩን አጥብቄ ቀጠልኩ።